ሥራ ፈቱ ገመድ

ኢዳዬን፣ ባሌ ከሞተ በኋላ ቤት የምቀመጥበትን ጊዜ፣ የጨረስኩ ሰሞን ሰመራ ላይ ሠርግ ተገኘ። ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ የሟቹን ሳውንድ ሲስተም ልንሸጠው ነው ብሎ ገዢ ማነጋገር ከጀመረ ሰንብቷል። ሴት ብቻዋን ስፒከር ጭና በጅቡቲ መንገድ አትንከራተትም ባይ ነው። ክፋት አይደለም፣ ለኔ ያሰበ መስሎታል። እኔ ግን ከሱ ሌላ የምይዘው ሥራ አልነበረኝም። «ይህችን ሠርግ ልሥራት። ድምፁ ከተቋረጠ ሽጠው፣ ካልተቋረጠ አትንካብኝ» አልኩት። ተስማማና እሱው ሾፌር ሆኖ ከአዋሽ ተነሳን።

ባሌ ከሞተ ወዲህ እንባ የሚባል ነገር የለኝም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ደንግጣ ነው እያሉ ሲያሳብቡልኝ ከረሙ። የምን ድንጋጤ! ምንም አልነበረም። ሲያቀርቡልኝ እበላለሁ፣ ሲመሽ እተኛለሁ።

ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ አላህ ይዘንለት። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ገመዱ ይወፍራል ይል ነበር። ቀጭን ገመድ ብዙ ከጫኑበት ይግላል፣ ከጋለም ይቀልጣል። ሌላ አገር እጁን ያሳረፈበት ያውቃል፤ አፋር ላይ ግን ምን የማይግል ነገር አለ? ፀሐይ ላይ የዋለ ማንኪያ እንኳ ይፋጃል። ስለዚህ ባሌ ከሚሠራው ገመድ ጎን እሱኑ የሚመስል፣ ምንም ያልተሰካበት ሥራ ፈት ገመድ ይዘረጋና አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ እጁ ይጨብጣል። እኩል ከሆኑ ሙቀቱ የፀሐይ ነው። የሚሠራው ከበለጠ ጭነቱ በዝቷል።

የታመመ ዕለትም ያደረገው ይህንኑ ነው። ጎን ለጎን ተጋድመን አንድ እጁን ግንባሩ ላይ፣ አንዱን ግንባሬ ላይ አሳረፈ። «እኩል ነን። የአዋሽ ሙቀት ነው፣ አታካብጂ» አለኝ። ዘግይተን ሐኪም ቤት ስንደርስ ትኩሳቱ ጨርሶት ነበር።

ሰመራ ስንደርስ ባለሠርጎቹ የጄኔሬተሩ ጩኸት እንዳይረብሻቸው ራቅ አድርጊው አሉኝ። ገመዱ ለዚያ ርቀት ቀጠን ይላል፤ ቢሆንም እየጨበጥኩ እጠብቀዋለሁ ብዬ ሁለቱንም እስከ ድንኳኑ ዘረጋሁ። ከሰዓት በኋላ ሙሽሮቹ ገቡ፣ ጭፈራው ደራ። ብዙም ሳይቆይ ቤዙ በመታ ቁጥር አምፖሎቹ ይፈዙ ጀመር። ሄጄ ገመዶቹን ጨበጥኩ። እኩል ናቸው። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቆይቶ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ዳግም ስጨብጣቸው ሁለቱም እጅ አያስቀምጡም፣ አሁንም እኩል ናቸው።

ግራ ቢገባኝ የሥራ ፈቱን ገመድ ጫፍ ተከትዬ ሄድኩ። ድንኳኑ ጀርባ የለስላሳ ፍሪጆችና ማራገቢያዎች ተሰክተውበታል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል፤ ዋርሳዬ ነው! የሠርጉ ሴቶች ለስላሳው ሞቀብን ሲሉት፣ ባዶውን የተጋደመ ገመድ አይቶ አላስቻለውም፤ ሌላውን ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ ሰክቶላቸዋል። ሁለቱም ጭነት ተሸክመው ነው እኩል የጋሉት።

ፍሪጆቹን ነቀልኩ። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ቤዞቹን ወደዚያኛው ገመድ አዞርኩ፣ የቀረውን በፊተኛው ተውኩ። አምፖሎቹ ቀጥ አሉ። ድምፁ አልተቋረጠም።

ዋርሳዬ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «አውፍ በይኝ። ዕቃው ያንቺ ነው» አለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን መዳፎቼን እያየሁ ነበር። ባሌ የታመመ ዕለት አልጋው ላይ ወገቤን ይቆርጠኝ፣ ጉልበቴም አልታዘዝ ይለኝ ነበር። ስፒከር ያነሳሁበት ድካም ነው ብዬ ትቼው፣ በኋላም በለቅሶው መሃል በራሱ ጊዜ ለቀቀኝ።

«እኔም ታምሜ ነበር» አልኩት።

«መቼ?»

«ወንድምህ ግንባራችንን በመዳፉ የለካ ዕለት። ሁለታችንም ግለን ነበር።»

ድንኳኑ ውስጥ እልልታው ቀለጠ። እኔ ጄኔሬተሩ ሥር ተቀምጬ እሪ ብዬ አለቀስኩ። ጩኸቱ ውጦኝ ማንም አልሰማኝም፤ ዋርሳዬ ብቻ እስክጨርስ ከጎኔ ቆየ።