አብዲ የመረጠው ባለአንድ ዓይን

የታናሽ ልጄ ስልክ ላይ ሰሞኑን አንድ ጨዋታ ገብቷል። ተጫዋቹ ከመጀመሩ በፊት የሚሆነውን ፍጡር ይመርጣል፤ የበሬ ራስ ያለው ሰው፣ ከወገቡ በታች ፈረስ የሆነ፣ ፀጉሯ እባብ የሆነ ሴት። ባለፈው እሑድ አጠገቤ ተቀምጦ ዝርዝሩን በጣቱ ሲገፋ፣ ግንባሩ መሐል አንድ ትልቅ ዓይን ያለው ግዙፍ ብቅ አለ። "አባዬ፣ ይሄን ልሁን?" አለኝ። "የፈለግኸውን ሁን" ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። በጨዋታው የተናደድኩ መስሎት ድምፁን ቀነሰው።

እኛ ይህን ጨዋታ ያለ ስልክ ተጫውተነዋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን የፈተና ውጤት የምንጠብቅበት ክረምት ነበር። ክረምት ስል ደገኛ አንባቢ ጋቢ እንዳይደርብ፤ የድሬዳዋ ክረምት ላብ ነው። ከቀትር በኋላ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ከተማው ጋደም ይላል። እኛ ግን በዚያ ዕድሜ ምን እንቅልፍ ነበረን! የጓደኛችን የታደሰ አባት ባቡር መሥሪያ ቤት ይሠሩ ስለነበር ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ነበራቸው። እዚያ ምንጣፍ አንጥፈን፣ ጣታችን እስኪጣበቅ በስኳር የራሰ ሙሸበክ እየበላን፣ ፀሐይዋ እስክትበርድ እንጫወት ነበር።

የምንጫወትበት መጽሐፍ በባቡር ከጅቡቲ ከመጣ የሰልባጅ ቦንዳ ውስጥ የወጣ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነበር። ከመካከላችን ፈረንሳይኛ የማነበው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ተራኪው እኔ ሆንኩ። ሌሎቹ አንዳንድ ፍጡር ይመርጣሉ፤ እኔ የሚገጥማቸውን እተርካለሁ፤ እነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይነግሩኛል፤ መሳካት አለመሳካቱን የሉዶ ዳይስ ወርውረን እናውቃለን። በድሮዎቹ የግሪክ ተረቶች እነዚህ ፍጥረቶች ጀግና ገድሎ የሚፎክርባቸው ጭራቆች ናቸው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ግን አገር፣ ቋንቋና ሽማግሌ ያላቸው ሕዝቦች ነበሩ። ስተረጉምላቸው እኔ ራሴ እደነቅ ነበር።

ሌላው ጓደኛችን አብዲ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከመጋላ ሰፈር ነበር የሚመጣው። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሲጫወት እንጨት ወግቶት ግራ ዓይኑ ጠፍቷል። ትምህርት ቤት ሳለን ሁልጊዜ በግራ ጥግ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ይቀመጥ ነበር፤ ያ ወገኑ እንዳይታይበት። የመጽሐፉን ሥዕሎች ሳሳያቸው ጣቱን ባለአንድ ዓይኑ ግዙፍ ላይ አደረገና "ይሄ ዘመዴ ነው፣ እኔ እሱን ነኝ" አለ። እሱ ሲስቅ እኛም ሳቅን።

መጽሐፉ እንደሚለው ባለአንድ ዓይኖቹ ታላላቅ አንጥረኞች ናቸው። አብዲ ይህን ሲሰማ ደረቱ ሰፋ። በጨዋታው የበሬ ራስ ለነበረው ለታደሰ ጋሻ ሠራለት፤ ከፈረስ-ሰዎቹ ጋር ሲጣላ ገብቶ አስታረቀው። አንገቱን ደፍቶ የምናውቀው ልጅ በሦስት ሳምንት ውስጥ በረንዳው ላይ ቆሞ ሸንጎ የሚመራ ሆነ።

አንድ ነገር ላስረዳ። በድሬ ልጅ ዘንድ የማይሰደብ ሰው እንግዳ ብቻ ነው። ስንወድህ እንሰድብሃለን፤ ከተቀየምህ ደግሞ ስድቡ እጥፍ ይሆናል። አብዲ እኔን ለቅጥነቴ "ሽቦ" ነበር የሚለኝ። ስለዚህ አብዲ ዳይሱን አፍንጫው ሥር አድርጎ ማየት ሲጀምር፣ "ልታነበው ነው ልታሸተው?" አልኩት። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ።

አንድ ቀን ልሸኘው እስከ ድልድዩ አብሬው ሄድኩ። ዝናብ ስላልነበረ ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነበር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆመና፣

"ዋርያ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬዬ ያለችው ዓይን ብትጠፋ ከጨዋታው ይወጣል?" አለኝ።

"ምነው? ምን አሰብህ?"

"አቦ ምንም! እንዲሁ ነው። ይወጣል ወይስ ይቆያል?"

"እናያለን" አልኩት፣ እንደ ተራኪ እየተኩራራሁ። መልሱን ለነገ ጨዋታ ማጣፈጫ አቆየሁት።

በማግስቱ የታደሰ የአክስት ልጅ ሶፊያ ከሐረር መጥታ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ቆንጆ ነበረች፤ ሳቋ ደግሞ ከመልኳ ይብሳል። እኔ ያን ቀን ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ እሷን ማሳቅ ብቻ። እናም የመጽሐፉን ነገር ትቼ የድሮውን የግሪክ ተረት አመጣሁ፤ የአብዲን ግዙፍ በግ ጠባቂ አድርጌ፣ በወይን ጠጅ አሰክሬ፣ ጫፉ በተቃጠለ እንጨት ዓይኑን አስወጋሁት።

አብዲ "እሺ፣ አሁን ምን ያደርጋል?" አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር።

"ምን ያደርጋል? በአራት እግሩ እየዳኸ በግ ይዳብሳላ!" ብዬ ምንጣፉን እየዳበስኩ አሳየሁ።

ሶፊያ በሳቅ ፈረሰች። ታደሰም ሳቀ። አብዲ ዳይሱን ምንጣፉ ላይ በቀስታ አስቀመጠና "ሰላም ዋሉ" ብሎ ወጣ። ያለ ስድብ ተሰናብቶን አያውቅም ነበር። ታደሰ "ተቀየመ እንዴ?" ሲለኝ፣ "የድሬ ልጅ ይቀየማል?" አልኩት።

መጽሐፉ ውስጥ ስለ አንጥረኞቹ አንድ አንቀጽ ነበር። ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌዎች ብረቱን በድምፁና በሙቀቱ ለይተው እንደሚሠሩ፣ ከሁሉም የሚከበሩት እነሱ እንደሆኑ ይናገራል። አንብቤዋለሁ። አያስቅም ብዬ ዘለልኩት።

ከሳምንት በኋላ ቤቱ ስሄድ እህቱ ሀሊማ በሩን ከፈተችልኝ። "አዲስ አበባ ሄደ። የቀረችው ዓይኑም ደክማ ነበር፣ ሐኪም ኦፕራሲዮን አለ። አልነገራችሁም እንዴ?" አለች። "አልነገረንም" አልኩ። ዋሸሁ። ለእኔ ነግሮኝ ነበር፤ በሚችለው መንገድ፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ።

ዓይኑ አልዳነችም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ ተመልሼ እዚሁ ኖርኩ። አብዲ እዚሁ ከተማ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ሽቶ እንደሚሸጥ ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሱቁ ያለበትን መተላለፊያ እየሸሸሁ በሌላ መንገድ ነበር የምሄደው። ሌላ ስም የለውም፣ ፍርሃት ነው።

ልጄ ግዙፉን ባሳየኝ እሑድ ማግስት፣ ሰኞ ከሰዓት ሱቆች ዳግም ሲከፈቱ ሄድኩ። ጠርሙሶቹ መሐል ተቀምጧል፤ ፂሙ በሂና ቀልቷል። ሰላም ስለው ድምፄን ወዲያው ለየው።

"መምህር! እንኳን ደህና መጡ። ይቀመጡ።"

እኔና እሱ እኩያ ነን። በዚህ ከተማ ልጅ አባቱንም አንተ ብሎ ነው የሚያድገው። ተቀመጥኩ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝና፣ "አብዲ፣ ስለዚያ ጨዋታ ይቅር በለኝ" አልኩት ብቻ።

የአንዱን ጠርሙስ ክዳን ጠረገ። ከዚያ በደንብ፣ በትሕትና ፈገግ አለ።

"የልጅ ነገር አይደል? እኔ ረስቼዋለሁ። እርስዎም ይርሱት።"

እጄን አስዘርግቶ ሽቶ ቀባኝ፤ ልጆቼን ጠየቀኝ፤ እስከ ሱቁ ደጃፍ ሸኝቶ መረቀኝ። ቤቴ እስክደርስ ፀሐዩ አልተሰማኝም። ያን ቀን አንዲት ስድብ ቢወረውርልኝ ኖሮ እያለቀስኩም ቢሆን ደስ ብሎኝ እገባ ነበር።