ልጄ ከፈጣኑ ክፍል የወጣችበት ጾም

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ፣ የየካ ሚካኤልን በር ሳላልፍ አንዲት የሰፈራችን እናት ክንዴን ያዘችኝ። ልጇ አብራሪ መሆን ፈልጓል። ማሠልጠኛው ሁለት ዓይነት ትምህርት አለው፤ አንዱ በየቀኑ እየበረሩ ቶሎ የሚጨርሱበት የተፋጠነው፣ ሌላው ቀስ ብሎ የሚሄደው መደበኛው። «አንቺ አሳልፈሽዋል፤ የትኛው ይሻላል?» አለችኝ። በር ላይ ቆሜ የምመልሰው አልሆነልኝም። ቤት ስገባ ግን ያ ጊዜ ተመልሶ መጣብኝ፤ ቀኑን ሙሉም አልለቀቀኝ።

አባቷ ካረፈ ወዲህ እኔና ልጄ ብቻ ነን። የተፋጠነውን የመረጠችው ራሷ ናት። ቶሎ ጨርሳ ሥራ ልትይዝ፣ እኔንም ልታሳርፈኝ ነበር ሐሳቧ። አልተቃወምኩም። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ሌላ ሰው ሆነች። ጠዋት የማሠልጠኛው ሰርቪስ ከመምጣቱ በፊት ግቢ ውስጥ ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ዓይኗን ጨፍና የሌለ ቁልፍ ትጫናለች፣ የሌለ መሪ ትስባለች። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደንግጬ አማተብኩ።

«አትፍሪ እማዬ፣ እየበረርኩ ነው» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ዱካዬን እንዳትሰብሪው ብቻ።»

ከዚያ በኋላ የመቆጣጠሪያ ማማውን ሥራ ለእኔ ሰጠችኝ። ድንች እየላጥኩ «ማረፍ ትችያለሽ» እላታለሁ፤ እሷም ታርፋለች። አሁን ሳስበው እነዚያ ጠዋቶች እንዴት ደስ ይሉ ነበር።

አብራት የምትማር አንዲት ጓደኛ ነበረቻት። ሾላ ገበያ አጠገብ የሚኖሩ የፕሮቴስታንት አማኞች ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ ትምህርት ቶሎ የሚገባት። እኔን «ማዘር» ትለኛለች። ታናናሾቿን የምታሳድገው እሷ ስለነበረች የተፋጠነው ለእሷ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። ልጄን «ትምህርት ላይ ነሽ፤ በሰዓቱ ብዪ» አልኳት። እሺ አለችኝ። ሽሮ ወይም ምስር በምሳ ዕቃ አደርግላታለሁ፤ ባዶውን ትመልስልኛለች። በላች ብዬ አመሰግናለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኔም ከቤተ ክርስቲያን ገና መግባቴ ነው፣ ጓደኛዋ ደግፋት መጡ። የልጄ ፊት አመድ መስሏል። ውሃ ሰጥቼ አስቀመጥኳትና የሆነውን ነገሩኝ። ለማረፍ ወደ ሜዳው ስትቀርብ ዓይኗ ብዥ አለባት፤ አጠገቧ የተቀመጠው አስተማሪ ሲያናግራት ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ መሰላት። መሪውን ተቀብሎ አውሮፕላኗን እሱ አሳረፋት። ሲወርዱ አልተቆጣም።

«ዛሬ ምን በላሽ?» አላት።

«ምንም።»

«ትናንትስ በዚህ ሰዓት?»

ትናንትም ያው ነበር። አስተማሪው ለአንድ ሳምንት ከበረራ አገዳት። በመደበኛው ክፍል አንድ ሳምንት ያን ያህል አይደለም። በተፋጠነው ግን ክፍሉ ጥሏት ይሄዳል። እስከ ሰኞ መወሰን ነበረባት፤ ስትመለስ ድርብ እየበረረች ልትደርስባቸው፣ ወይም ወደ መደበኛው ልትዛወር።

እኔ ግን ገና ምሳ ዕቃው ላይ ነበርኩ። «የቋጠርኩልሽስ?»

ጓደኛዋ መሬት መሬት አየች። «እኔ ነኝ የምበላው፣ ማዘር። ቤት በልቼ መጥቻለሁ ትለኛለች። ደግሞ የእርስዎ ሽሮ…»

«ሽሮዬ ምን ሆነ?»

«ይጣፍጣል።»

በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል ሳቄ መጣ። ልጄም ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ብቻዋን እስክትበር ድረስ ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳትቀምስ ልትጾም ለሚካኤል ተስላ ኖሯል። ጾሙንና በረራውን ያገናኘው የትምህርቱ ፍጥነት ነው፤ በተፋጠነው ብቻዋን የምትበርበት ቀን ጾሙ ውስጥ ይወድቅ ነበር። በመደበኛው ቢሆን ብቻዋን የምትበረው ከፋሲካ ብዙ ቆይቶ ነበር።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታችን ይዣት ሄድኩ። መስቀል ተሳልመን ነገሩን ስነግራቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ ወደ ላይ ስትወጪ ጾሙ የሚቀል መሰለሽ?» አሏት።

«ስለት ነው፣ አባ።»

«ስለቱን እኔ እፈታልሻለሁ። ከጾሙ ምግብ ሳትወጪ ጠዋት ብዪ። ሚካኤል ክንፍ ስላለው አይቸገርም፤ አንቺ ክንፍሽን የምትይዢው በእጅሽ ነው፤ እጅሽ ደግሞ እህል ይፈልጋል።»

ቀለል ብሎን ወጣን። የሰኞው ጉዳይ ግን እንዳለ ነው። ስለቱ ቢፈታም ልትቆይ ወይስ ልትወጣ እንደሆነ አላወቀችም፤ እኔም ልመርጥላት አልደፈርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርሷን በልታ፣ በእግር ወደ እንጦጦ አቀበት ወጣን። ባሕር ዛፉ ውስጥ ነፋስ ነበር። ልጄ ቆማ የዛፎቹን ጫፍ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። ነፋሱ ከኮረብታው ጀርባ ሲወርድ ለትንሽ አውሮፕላን ለምን እንደሚከፋ ልታስረዳኝ ጀመረች፤ መካከል ላይ ጠፋባት። እንደገና ጀመረች፣ እንደገና ጠፋባት።

«ይህን ተፈትኜ አልፌዋለሁ እኮ፣ እማዬ» አለችኝ። «ፈተናውን አልፌዋለሁ እንጂ ነፋሱን አላውቀውም።»

ጎን ለጎን ወረድን።

እሑድ ጓደኛዋ ከጸሎት ቤታቸው በቀጥታ መጣች፤ ልትለምናት።

«አትውጪ። በየቀኑ ስትበሪ እጅሽ አይረሳም። መደበኛዎቹን አይተሻቸው የለ? ያለፈውን ለማስታወስ ብቻ ግማሽ ሰዓታቸው ያልቃል። ደግሞ ክረምት እየመጣ ነው፤ ዝናቡ ያስቀምጥሻል።»

የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። ልጄም አልካደችም።

«አንቺ ዛሬ ሰምተሽ ዛሬ ይገባሻል» አለቻት። «እኔ የዛሬው የሚገባኝ ነገ ነው።»

«ነገ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ።»

ሰኞ ተዛወረች። የዚያን ቀን ቤታችን ሰው የሞተበት ይመስል ነበር። ጓደኛዋ በቶሎ ጨረሰች፤ በደንብ ጨረሰች፤ ሥራም ያዘች። ታናናሾቿ ዛሬ የደረሱበት የደረሱት በዚያ ፍጥነት ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄን ግን እንደተባለው ዝናቡ አስቀመጣት። ሰማዩ ሲከፈት ጠብቃ ትበራለች፣ ሲዘጋ ቤት ትውላለች። አንዳንድ ቀን የጓደኛዋን ፎቶ በስልኳ አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር።

እኔ ደግሞ ያን ክረምት እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መጽሐፏን ይዛ ምድጃው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ያልገባት ገጽ ላይ ደስ እስኪላት ትቆያለች። እኔ እየፈተልኩ እጠይቃታለሁ፤ መልሱን ባላውቀውም ስታመነታ አውቃለሁ። በተፋጠነው ጊዜ እሷን የማያት ስትወጣና ስትገባ ነበር። ያ ክረምት ባይሰጠኝ ኖሮ ትልቅ ሰው ሆና ከእኔ ጋር ሳትቀመጥ በሄደች። ዛሬ በሥራዋ ምክንያት ቤት የምታድረው አልፎ አልፎ ነው። ጓደኛዋም በቀደመችበት እንደቀደመች ናት፤ በማዕረግም ትበልጣታለች። ልጄ ይህን ስትናገር ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም።

ያ ክረምት አልፎ፣ ከመስቀል በኋላ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሾላ ገበያ ምስር ላስመዝን ቆሜ ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ፣ ብቻዬን በረርኩ። ወርጃለሁ።»

«እንዴት ነበር?»

«አውሮፕላኗ ቀለለችኝ። አስተማሪው ለካ ከባድ ሰው ኖሯል።»

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

ተመስገን ብዬ ዘጋሁት። ነጋዴው ሚዛኑን ይዞ ይጠብቀኛል። «እትዬ፣ ምነው፣ ደህና ነዎት?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩለት። ምስሩን ጨምርልኝ ብዬ በእጄ አመለከትኩት፤ ጨመረልኝ።