አምስተኛው ዘፈን

ዛሬ ሐሙስ። ወንድሜ ሆስፒታል ከገባ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

ትናንት «የዴንማርኮቹን አምስት ምርጥ ዘፈኖች አምጣልኝ፤ መዝሙር በቃኝ» አለኝ። ሠላሳ ዓመት የሰማው የሄቪ ሜታል ባንድ ነው። አስታማሚዋ አክስታችን «የሰይጣን ጩኸት» ነው የሚሉት።

በአራቱ ተስማማን። አምስተኛው ላይ እኔ ፈጣኑን፣ እሱ ዝግ ያለውን መረጥን። «ጆሮ የለህም» ብሎኝ ተለያየን።

ዛሬ ተሸንፌለት የሱን ስልኬ ላይ ጫንኩ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ሄድፎን ልገዛለት ተሰልፌ ሳለሁ አክስቴ ኮል አደረጉኝ።

«ትንሽ ደከም ብሎታል። ቀስ ብለህ እየነዳህ ና።»

«ሄድፎኑን ገዝቼ ልምጣ?»

«ተወው፣ የኔ ልጅ።»

እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። አክስቴም «የኔ ልጅ» ብለውኝ አያውቁም።

ሄድፎኑን ካውንተሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። መኪናዬን ሳላስነሳ ነው የምጽፈው።

እናንተን ለመርዶ ምን ብለው ነበር የጠሯችሁ?