ተንበርክኬ የምቀርበት ምክንያት

እህቶቼ፣ እዚያ በሩ ጋ ያላችሁት ሁለት ወንድሞችም፣ ጌታ ይባረክ። ይቺን ወንበር ተሸክሜ የወጣሁት ደክሞኝ አይደለም። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው፤ ምስክሬ እሷ ናት።

«የጸሎት እናት» የምትሉኝ ሁሉም አሜን ብሎ ሲነሳ እኔ ተንበርክኬ ስለምቀር ነው አይደል? ሕዝቡ ለሰልፍ ወጥቶ መንገድ የተዘጋ ጊዜ፣ ከምሠራበት ሰፈር ከሐምራ እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ቡርጅ ሐሙድ ድረስ ከተማውን አቋርጬ በእግሬ መጥቼ ተንበረከክሁ። አሜን ተባለ። ጉልበቴ ግን አሜን አላለም። ልነሳ ብል አቃተኝ። አንዷ እህት «ተዉአት፣ መንፈስ ነክቷት ነው» ስትል ሰማሁ፤ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ በየእሁዱ እንደዚያው ሆነ። አልቅሼም አውቃለሁ፣ ከሕመሙ። እናንተ ደግሞ አብራችሁኝ አለቀሳችሁ።

ለማን ልንገር? ለእናንተ ብነግር ማዕረጌ ይወርዳል። ለአሠሪዬ ለማዳሜ ብነግር፣ ኸላስ፣ አበቃልኝ፣ አሠሪዎቻቸው ቆንስላው በር ላይ እንደጣሏቸው እንደነዚያ ልጆች ሻንጣዬን እዚያው ታወርደዋለች ብዬ ፈራሁ። አገር ቤት ልጄ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ነበር የቀራት።

ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ቤት ተዘጋብን። ቴታ የምንላት የማዳሜ አሮጊት እናት ወድቃ ነበርና የአካል እንቅስቃሴ የሚያሠራት ባለሙያ መጣ። እኔን አየኝና «አንቺም ነይ ተቀመጪ» አለኝ። ማዳምም «ያላ፣ በይ ተቀመጪ» አለች። እህቶቼ፣ እዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ ተቀመጪ ተብዬ አላውቅም። ወዲያው ጠረጠርኩ። ሊፈትኑኝ ነው፣ ከዚያ ሊሸኙኝ ነው አልኩ።

«እጅሽን ሳትደገፊ ተነሺ» አለኝ።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ስፖርት ላይ ነኝ። ምንጣፉ አለ፣ መብራት ሲሄድ አምስት ፎቅ ደረጃ አለ።»

«እሱ ሥራ ነው» አለ። «ያንኑ ወገብሽን ያደክመዋል፣ ጭንሽ ግን አልጠነከረም። ለልብሽ መራመድ ያስፈልግሻል። ለጉልበትሽ ቁጭ ብድግ። ጅማትሽ እንዲላላ መንጠራራት፣ እንዳትወድቂ ደግሞ በአንድ እግር መቆም። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።»

የእኔንም ሥራ የሚሠራልኝ የለም አልኩት፣ በሆዴ፣ በአማርኛ።

ሦስቴ ሞከርኩ፤ ወንበሩ አልለቅ አለኝ። ቴታ በሳቅ ሞተች። ማዳም ግን ሳትስቅ ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳ ወጣች። በቃ፣ ሌላ ሠራተኛ እንዲያመጣላት ወደ ኤጀንሲው ቢሮ እየደወለች ነው አልኩ።

ኩሽና ገባሁ። መንበርከክ ስለፈራሁ ፍሪጁን ተደግፌ፣ «ጌታ ሆይ፣ ሕመሜን ጸሎት አስመስዬ ክብር ስቀበል ከረምኩ። ማረኝ። የመጣው ይምጣ፣ እውነቱን እናገራለሁ» አልኩት። ከፍሪጁ በቀር አሜን ያለኝ አልነበረም። ግን እንደዚያ ቀን ጸልዬ አላውቅም።

ወጥቼ «ማዳም፣ ጉልበቴ ከታመመ ቆይቷል» አልኳት።

«ባዕረፍ» አለችኝ፣ አውቃለሁ ማለቷ ነው። «ደረጃው ላይ ስታቃስቺ እሰማሻለሁ። አንቺንም እንዲያሠራሽ በስልክ ባሌን እያሳመንኩ ነበር። አንቺ ከወደቅሽ ቴታን ማን ያነሳታል?»

ያኒ፣ ማለቴ፣ ለፍቅር ብላ ብቻ አይደለም፤ ቢሆንም ጌታ ይባረክ።

ከዚያ በየጠዋቱ ከቴታ ጋር ቁጭ ብድግ። ከአንድ ጀመርኩ፣ አሥር ደረስኩ። ማታ ማታ ጣራው ላይ እራመዳለሁ፣ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አነሳለሁ። በአንድ እግር መቆሙን አሁንም እጠረጥረዋለሁ፤ እግዚአብሔር ሁለት የሰጠን በምክንያት ይመስለኛል። ሕመሙም ጨርሶ አልጠፋም፣ አልዋሻችሁም። ግን እዩኝ። ተቀመጥኩ። እጄን ሳልደገፍ ተነሳሁ። ሃሌ ሉያ።

እህቶቼ፣ ጌታን እመኑት። እውነቱን ብትነግሩት አይጥላችሁም፤ እኔን አልጣለኝም። የጸሎት እናትነቱን ለሚፈልግ ለቅቄአለሁ። ከእንግዲህ ግን ተንበርክካ የቀረች እህት ካየሁ ዝም ብዬ አላልፍም፤ ጠጋ ብዬ «ጉልበትሽ ነው?» እላታለሁ።

አሁን እንጸልይ። ያመማት ካለች ወንበሯ ይቻት፤ ዛሬ እኔ እንበረከክላታለሁ።