ቅቤው ላይ ያሰመርሁት መስመር

የልጅ ልጄ ወረታ መገንጠያው አጠገብ ሱቅ አላት። ግድግዳው ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የሞላባት አራት ማዕዘን ወረቀት ለጥፋለች። ሰው ስልኩን ያቀናባታል፤ የሱቁ ስም ይወጣለታል፤ በዚያው ይከፍላል። አሁን ደግሞ በየቅቤው ዕቃ ላይ እንዲህ ያለች ወረቀት ልትለጥፍ ነው።

«እማማ፣ ቅቤው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደናጠው በዚች ውስጥ ይገባል። የሚንጡት እርስዎ ነዎት፤ ስምዎን ላስገባ?» አለችኝ።

ከመደርደሪያዋ የታሸገ ወተት አነሣሁና ጀርባው ላይ ያለው ጥቁር መስመር ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ያው ነው። መስመሩ ቁጥር ነው። መሣሪያ ሲያነበው ዕቃው ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ ያውቃል።»

ይኸን ሳላውቅ ነው እንግዲህ እኔ በዚያ መስመር የሠራሁት።

በደርግ ጊዜ ነው። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ገና እየለየሁ ነበር። ያኔ እዚሁ ወረታ ገበያ ቅቤ እሸጥ ነበር። ሁላችንም ቅቤ ሻጮች ምልክት ነበረን። አንዷ ቅቤው የተጠቀለለበትን ቅጠል በቀይ ክር ታስራለች፤ እኔ ቅቤው ላይ ሦስት ጣቴን ጫን አደርግ ነበር። ቢሆንም ገዥ ሁሉ በጥፍሩ ጫር አድርጎ ሳያሸት አይገዛም።

አንዲት እስላም ጎረቤት ነበረችኝ፣ ባለሱቅ። አንድ ቀን የውጭ ወተት የነበረበት ባዶ ቆርቆሮ ሰጠችኝ። ጀርባው ላይ ወፍራምና ቀጭን መስመር ተደርድሯል።

«ይኸ ምንድን ነው?» አልኋት።

«እኔ ምኑን አውቄው እቴ። ከውጭ የሚመጣው ላይ አየዋለሁ። ተመርምሯል ማለት ይሆናል።»

ይቺው በቃችኝ። ሸምበቆ ሰንጥቄ፣ ቆርቆሮውን እያየሁ ያንኑ መስመር በቅቤዬ ላይ አተምሁት። ሰው ሲጠይቀኝ «የተመረመረ ነው» አልሁ። ሳቁብኝ፤ «ቅቤሽም እንዳንች ፊደል ቆጠረ?» አሉኝ። ግን ገዙ። ውሎ ሲያድር ማሽተቱን ተዉት።

በጋው ጠና፤ ሜዳው ደረቀ፤ ላሞቼ ነጠፉ። እኔም የከረመውን ቅቤ መኻል አድርጌ አዲሱን በላዩ ለበጥሁት። ጣቴን ባሳርፍበት ኖሮ እፈራ ነበር መሰለኝ። መስመሩ ግን የኔ ስላልነበረ ሳልፈራ አተምሁት።

ከደንበኞቼ አንዷ የደብሩ መርጌታ ባለቤት ነበሩ። ምራታቸው ወልዳ ነበርና ለሕፃኑ የምታስውጠውን ቅቤ ከኔ ገዙ። ሊያሸቱ ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉ መስመሩን አዩና መልሰው ሸፈኑት።

«የተመረመረ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ እመቤቴ» አልኋቸው።

በሚቀጥለው ገበያ መጥተው ፊቴ ቁጢጥ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሕፃኑ ቅቤውን እንደዋጠ ሆዱ ተነፍቶ ሦስት ቀን ጡት አልይዝ ብሎ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ አንዱን ቅቤ አነሡ። መስመሩን በጥፍራቸው ጫሩና አሸቱት።

«የሦስት ጣትሽን አውቀው ነበር። ይኸን አላውቀውም። ማን ነው የሠራው?»

ቅቤ ሻጮቹ ሴቶች ሁሉ ዞረው ያዩኛል። እኔም፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ «ከሐሙሲት አንዲት ሴት አምጥታልኝ ነው፤ እኔ አልናጥሁትም» አልሁ።

እጄን አዩት። መስመሩን የማትምበት የሸምበቆ ስንጥር ጣቶቼ መኻል ነበረ። ስንጥሩን አይተው ቀና አሉ።

«እንግዲያስ ስታገኚያት ንገሪያት። ልጁ ድኗል። ትጨነቅ ይሆናልና ድኗል በያት» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

በማግሥቱ ቆርቆሮውን ቀበርሁት። ጣቴን ግን ደግሜ ቅቤ ላይ ማሳረፍ አፍሬ ያለምንም ምልክት ስሸጥ ኖርሁ። እሳቸውም ከኔ መግዛታቸውን አልተዉም፤ እያሸቱ። እኔ ነኝ ሳልላቸው ሞቱ።

ይኸን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኋት። ስልኳን ይዛ ሰማችኝ፤ ከዚያ፣ «ታዲያ ስሙን ልተወው እማማ?» አለችኝ።

«አስገቢው» አልኋት። «የተናጠበትንም ቀን ጨምሪበት። ገዥዎችሽንም አሽትታችሁ ግዙ በያቸው።»