ብረቱ እንዲጮህ

ቆቦ ላይ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊተኩስ ነው ሲሉኝ መጀመሪያ ስቄ ነበር። እዚህ አገር ተኩስ በነጻ ነው። ለሠርግ ይተኮሳል፣ ለለቅሶ ይተኮሳል፣ ማሽላው ጥሩ ከያዘ ይተኮሳል፣ ምክንያት ከጠፋም ይተኮሳል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ከላይም ከታችም የመጣው ሁሉ በራሳችን ላይ ሲተኩስ ከርሟል። እኔ የሚኒባስ ሹፌር ነበርኩ፤ ከቆቦ ወልዲያ፣ ሮቢትና ጎብዬ ላይ እያወረድኩ እየጫንኩ። ያ ሁሉ ከባድ መሣሪያ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ሲወርድ የመኪናዬ መስታወት ረግፎ ያውቃል እንጂ ቆዳዬ አልተጫረም። ግራ ዓይኔን ያጣሁት ተኩሱ ጋብ ብሎ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ፣ በመጫወቻ ጠመንጃ፣ ለስላሳ እየጠጣሁ ቁጭ ባልኩበት ነው። ይህን ስናገር ፈገግ የሚሉ አሉ። ፈገግታቸው እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

ቦታው ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ባለቤቱ እህል ነጋዴ ነው፤ የተከበረ ሰው፣ የተጣላ ሲያስታርቅ የሚውል፣ ለቅሶ ቤት ከመጀመሪያዎቹ ተርታ የሚቀመጥ። ሻይ ቤት ከፈተና ከጀርባው ባለው ሰፊ ግቢ የአየር ጠመንጃ መተኮሻ አደረገበት። ጥይቷ እንደ አተር ክብ፣ ከአተር ግን የምታንስ የብረት ፍሬ ናት። ወረፋ የምንጠብቅ ሹፌሮች ነን መጀመሪያ የለመድነው። ተራችን እስኪደርስ ሌላ ምን ሥራ አለን? ከዚያ ገበያተኛው መጣ፣ ከዚያ በሠርግ ሰሞን ሙሽራና አጃቢው ሁሉ እዚያ ካልተኮሰ ሠርጉ ሠርግ አልመስልህ አለው።

የሚያስተኩሰው አንድ ዝምተኛ ጎልማሳ ነበር፤ እኛ ‹አስተኳሹ› እንለዋለን። ሚሊሻ ሆኖ የቆየ፣ ጠመንጃን በጨዋታ የማያይ ሰው ነው። ሲጀምር ግቢው ጫፍ ላይ ጭድ የታጨቀባቸውን ጆንያዎች ደረቱ ድረስ ደርድሮ፣ ኢላማውን በወረቀት ስሎ፣ በጆንያዎቹ ላይ ይሰካው ነበር። ፍሬዋ ወረቀቱን በስታ ጭዱ ውስጥ ትቀራለች። ከተኳሹ ጀርባ ደግሞ ገመድ ወጥሮ ተራ ጠባቂውን ሁሉ ከገመዱ ወዲያ ያስቆማል። ‹አፈሙዙን ወደ መሬት›፣ ‹ጣትህን ከቃታው አውጣ›፣ ‹እስክልህ ጠብቅ› ይላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ግን ሳይል አያስተኩስም።

ይህን ለራያ ሰው መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው። አንድ ቀን ከቆላ ለገበያ የመጡ አዛውንት ጠመንጃውን ሲያነሱ አስተኳሹ አፈሙዙን በእጁ ዝቅ አደረገባቸው። ሰውየው ቀና ብለው አዩትና፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ ጠመንጃ ስይዝ አባትህ ሚስት አላጨም» አሉት። ግቢው በሳቅ ሞላ። እሱ ግን አልሳቀም፤ «አዎ አባቴ፣ ቢሆንም ዝቅ ያድርጉት» አላቸው። ሳይተኩሱ ጥለው ወጡ፤ ወጥተውም ዝም አላሉም፣ ለባለቤቱ ተናገሩ። እንደሳቸው የተናገረ ብዙ ነው። አንዱ ‹አዋረደኝ› ይላል፣ ሌላው ‹እንደ ሕፃን ቆጠረኝ› ይላል፤ ‹ጨዋታ ልጫወት ብመጣ ሥልጠና ገባሁ› ያለም ነበር።

ከሁሉ የባሰው ቅሬታ ግን የድምፁ ነበር። ጭድ አይጮህም። ሰው ተኩሶ መምታት አለመምታቱን ለማወቅ አስተኳሹ ሄዶ ወረቀቱን እስኪያይለት መጠበቅ አለበት፤ የሚያጨበጭብለትም የለም። «መምታቴን በምን ልወቅ? ጭዱ ውስጥ ገብታ ዝም» ይላሉ። ባለቤቱ ደንበኛ ማስቀየም አይወድም። ከከተማ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ከተቃጠለ የጦር መኪና ወፍራም ብረት አስቆርጦ አመጣና፣ በእንጨት ላይ በሽቦ አንጠለጠለው። ጆንያዎቹን አስነሳ፤ ጭዱን ለላሙ ሰጠ። ሰው ከሩቅ እየሳተ ተናደደ ተብሎ መተኮሻውም ወደ ፊት ተጠጋ፤ ገመዱ ተፈታ።

ያን ቀን ሁለቱ ሲነጋገሩ አጠገባቸው ነበርኩ። አስተኳሹ፣ «ጋሼ፣ ፍሬዋ ብረት ናት። ብረት ከብረት ሲጋጭ ትመለሳለች» አለ። ባለቤቱ ደህና ሰው በሚናገርበት ለስላሳ ድምፅ፣ «አንተ የምትጠብቀው ደመወዝህን ነው ወይስ ፍሬዋን?» አለው። አስተኳሹ አምስት ልጆች አሉት። «እሺ ጋሼ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፈሙዙን ዝቅ አድርጉ ማለቱንም ተወው፤ ጠመንጃውን ይሞላል፣ ይሰጣል፣ ይቀበላል። ደንበኛው ሁሉ ‹አሁን ሰው ሆነ› ብሎ አመሰገነው።

ብረቱ ሲመታ ጧ ብሎ እስከ መናኸሪያው ይሰማ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። የመታው ሰው ጠመንጃውን ሽቅብ ያነሳል፣ ከኋላው እልልታ ይቀልጣል።

የገበያ ቀን ነበር። ሚዜዬ ሊተኩስ ተነሳ። ሠርጌ ላይ ከጎኔ የቆመ፣ እኔ እስላም እሱ ክርስቲያን ሆነን በፋሲካና በአረፋ ቤት ለቤት የምንጠራራ፣ በአንድ መናኸሪያ አብረን ያረጀን ሹፌር ነው። እኔ ከጎኑ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብዬ፣ በርጩማ ላይ ነበርኩ። ተኮሰ። ብረቱ ጮኸ። በዚያው ቅጽበት ዓይኔ ውስጥ ትንኝ የገባ መሰለኝና በእጄ አሸሁት። ሚዜዬ እየሳቀ ዞሮ፣ «አየሃት?» አለኝ። እጄን ሳወርድ እጄ እርጥብ ነበር። እሱ ነው ቀድሞ የጮኸው፤ እኔ ገና አልገባኝም ነበር።

ወልዲያ ወሰዱኝ፤ ከወልዲያ ደሴ። ሐኪሙ የግራው እንዳለቀለት ነገረኝና ቀኙን እንጠብቅልህ አለኝ። ሕዝብ መጫን ቀረ። መኪናዬን አሁን ሌላ ሰው ነው የሚነዳት፤ ጡሩምባዋን በቤቴ በኩል ስታልፍ አውቀዋለሁ፣ እሷን ስሰማ ምሳዬን የምተውበት ቀን አለ። መንገድ ስሄድ ሚስቴ በግራዬ በኩል መሄድ ጀመረች። አልጠየቅኋትም፣ አልነገረችኝም። ባጃጅ ሲመጣ ክንዴን ትይዛለች።

የመታኝን አልጠላሁትም። ሚዜዬ ወደ እኔ አልተኮሰም፤ ወደ ተሰቀለለት ብረት ነው የተኮሰው። አንጀቴን ያሳረረው ሌላ ነው። ገና ሆስፒታል ተኝቼ ሊጠይቀኝ የመጣ ሹፌር፣ መተኮሻው በሚቀጥለው ገበያ እንደተከፈተ ነገረኝ። «ብረቱስ?» አልኩት። «እሱው ነው» አለኝ። በዚያው ሹፌር ለባለቤቱ መልእክት ላክሁ፤ ብረቱን ያውርድና ጆንያውን ይመልስ፣ ከዚህ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩ። መልሱ በአንድ ዘንቢል ብርቱካን ታጅቦ መጣ። ‹አብሽር በሉት፣ ከላይ የታዘዘ ነው በሉት› ብሏል። ብርቱካኑን አስታማሚዎቹ በሉት።

ቤቴ እንደገባሁ ሽማግሌ መጣ። ሸሁ አሉ፣ ቄሱ አሉ፣ ሁለት ገበሬዎች አሉ፤ አምስተኛው ሽማግሌ የመተኮሻው ባለቤት ነው። ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ከሸሁ ቀጥሎ ተቀመጠ። ሰብሳቢውም እሱ ነው፤ ሽማግሌዎቹን በየቤታቸው ዞሮ ያመጣቸው እሱ ነው ተባልኩ። እነሱ ከተቀመጡ በኋላ ሚዜዬ በአገሩ ደንብ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ በበሩ ገባ። ያ ሰውዬ ሠርጌ ላይ ትከሻው እስኪዝል የጨፈረ ነው። ድንጋዩ በማይገባው ማጅራት ላይ እንዳለ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ መሰለኝ፤ ወይም ሌሎቹም አይተው ዝም ብለዋል።

«አውፍ በለው ልጄ፣ ይቅር በለው» አሉ ሸሁ። «ወንድምህ ነው። ሳያስበው ነው።»

«እሱን ገና ድሮ አውፍ ብያለሁ» አልኩ። «ድንጋዩን አውርዱለት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጆንያውን ማን አስነሳው?»

ባለቤቱ መቁጠሪያ የያዘ ይመስል ጣቱን ይቆጥራል። ከገበሬዎቹ አንዱ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ አዝነው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ጆንያ አይታረቅም። እኛ የተኮሰውን ነው ያመጣንልህ» አሉኝ።

እንዲህ ነው የኛ ዕርቅ። ደም ሲፈስ የመታው እዚህ፣ የተመታው እዚያ ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌ መሐል ይገባል። ስንት ቤት ከመተላለቅ ያተረፈ ደንብ ነው፣ አልክደውም። ግን ብረት የሰቀለውን የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። ስለማያውቅ ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀመጠው።

«ይህ ሰው ከእናንተ ጋር ሳይሆን ከሚዜዬ ጎን መቀመጥ አለበት» አልኩ። ቄሱ እጃቸውን አነሱ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ። ይህ ሰው እኮ ደሴ ድረስ መኪና የያዘልህ ነው» አሉኝ። ሚዜዬ ድንጋዩን እንደተሸከመ ነው፤ ሽማግሌ ካላለ አያወርድም። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። እሱን እያየሁ መከራከር አልቻልኩም። አውፍ አልኩ፤ ለማን እንዳልኩ የጠየቀኝ የለም። ሸሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ መረቁ። በመጨረሻም እንደ ደንቡ፣ ይህን ነገር ዳግም ያነሳ ዘሩ አይባረክ ተባለና ሁላችንም አሜን አልን። የእኔም አሜን ከሁሉም ጋር ተሰማ።

ያች አሜን ምን እንዳሰረችብኝ ያወቅሁት በሚቀጥለው ገበያ ነው። በሻይ ቤቱ በኩል ሳልፍ ከጎብዬ የመጡ ጎረምሶች ሊገቡ ሲሉ አየሁ። አንዱ ሙሽራ ነው። «ከብረቱ ራቁ፣ ፍሬዋ ትመለሳለች» አልኳቸው፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ሳይመሽ ሁለቱ ገበሬዎች ቤቴ ነበሩ። ዕርቅ አፈረስክ ተባልኩ፤ የተማለበትን ነገር አነሳህ፣ ለልጆችህ አትፈራም ወይ ተባልኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሚስቴ በር ላይ ቆማ፣ እርግማኑን ሰምታ፣ ልጆቿን እያሰበች አየችኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ይቅር ማለቴ አፌን ነው የዘጋው። ክስም መመስረት እችል ነበር ይሉኛል አንዳንዶች፤ የታረቀውን ሊከስ የሚወጣ ሰው በዚህ ከተማ ለቅሶው ላይ ማን እንደሚቆምለት አልነገሩኝም።

መናገር ተከለከልኩ እንጂ መቀመጥ አልተከለከልኩም። በየገበያው ቀን በርጩማ ይዤ ሄጄ በመተኮሻው መግቢያ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ የሰጠኝን መሸፈኛ ጨርቅ ከዓይኔ ላይ አነሳሁት። ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ የገዛ ልጄ እንኳን እስኪለምደው ጊዜ ወስዶበታል። ማንንም አላናገርኩም። ሰው ይመጣል፣ ሊከፍል እጁን ኪሱ ይከታል፣ ፊቴን ያያል፣ ብረቱን ያያል፣ እጁን ባዶውን ያወጣል። አንዳንዱ ተመልሶ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን እየሳቀ ይገባል፤ የራያ ሰው በመጫወቻ ጠመንጃ አይሞትም ይላል። እውነቱን ነው፣ አልሞትኩም።

ሽማግሌዎቹ ተቸገሩ። መቀመጥ ነገር ማንሳት ነው ወይስ አይደለም ብለው ተከራክረው መስማማት አቃታቸው መሰለኝ፣ የመጣብኝ የለም።

ከዚያ አንድ ቀን አስተኳሹ ከግቢው ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። ከአደጋው ወዲህ ቀጥ ብሎ አይቶኝ አያውቅም። አሁንም መሬት መሬት እያየ ትንሽ ካርቶን ሰጠኝ። ከፈትኩት። ጥቁር መነጽር ነው፤ ጥሩ ዓይነት፣ እዚህ ገበያ የማይገኝ።

«ጋሼ ናቸው የላኩት» አለኝ። «ደንበኛው ፊትህን እያየ እየተመለሰ ነው። ይህን አድርግ ብለውሃል።»

«ብረቱን አውርድ አላሉህም?»

«አላሉኝም።»

አጠገቤ ቁጢጥ አለ፤ የሚቆጣው ሰው ቢኖርም ባይኖርም ግድ የሌለው መሰለ። ‹ወላሂ ነግሬአቸው ነበር› ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለም፣ መስማቴን ያውቃል። ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው ጠመንጃውን ሞልቶ ለአንዱ ሰጠ። ብረቱ ጧ አለ፣ ገበያተኛው አጨበጨበ።

ሁለታችንም እኩል እጃችንን ወደ ፊታችን አነሳን። እሱ ሁለቱንም ዓይኖቹን ሸፈነ። እኔ የቀረችኝን።