ያልተቀባ አይዋኝም

መጋቢት ሃያ ሰባት ቀን ነበር። ወይስ ሃያ ስምንት? ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታወራ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትሰናከላለች። «ቅዳሜ እንደነበረ እርግጠኛ ነኝ» ትልና ወዲያው «ቆይ፣ ቅዳሜ ከሆነ ሱቁን ማን ከፈተው?» እያለች ራሷን ትሞግታለች። ቀኑ ይጥፋባት እንጂ የፀሐዩ ግለት፣ የሐይቁ ሽታ፣ እጇ ውስጥ የነበረችው ላብ ያራሳት የልጇ ትንሽ መዳፍ አልጠፉባትም።

ልጇ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ሚጣ ይሏታል። ከግራ ዓይኗ ሥር ምስር የምታህል ነጭ ነጥብ ወጥታባት፣ እያደር ሰፍታ ጉንጯን ያዘችና ወደ አንገቷ ወረደች። ሐኪሙ ለምጥ ነው አለ፤ አይጋባም፣ አያምም፣ ግን ቀለም ያጣ ቆዳ ፀሐይ አይችልም አለ። እናት ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ የተማሪ ዩኒፎርም በምትሰፋበት መኪና ላይ ኮሌታው ጆሮ የሚደርስ ሸሚዝ፣ ጠርዙ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጣት ድረስ የሚወርድ እጅጌ መስፋት ሆነ ሥራዋ። ጎረቤቷ «ልጅቷን ትራስ ልታደርጊያት ነው እንዴ?» ብላ አስቃታለች። ሳቁ ግን ከደጃፍ አላለፈም።

ቅባትም ገዝታላት ነበር። የመጀመሪያው እንደ ውሃ የጠራ፣ ሲቀቡት ድራሹ የሚጠፋ ነው፤ የወደደችውም ለዚሁ ነው። ሚጣ ግን ላብ በመጣባት ቁጥር ዓይኔን አቃጠለኝ እያለች ታለቅሳለች፣ ነጩ ቆዳም ፍም ይመስላል። ልትመልሰው ፋርማሲ ስትሄድ ፋርማሲስቷ ሌላ ቱቦ አወጣችላት። ያኛው ኬሚካል ነው፣ ቆዳው ውስጥ ገብቶ ነው የሚሠራው፣ አንዳንዱን ሰው ይቆጠቁጣል፤ ይኼ ግን ዚንክ የሚባል ማዕድን ነው፣ እላይ ቁጭ ብሎ እንደ ጃንጥላ ይከልላል አለቻትና እጇ ጀርባ ላይ ጠብ አደረገችላት። ልብስ ሰፊዋ አሸችው። ደግማ አሸችው። ነጩ ንቅንቅ አላለም። ልጇ በምትሸሸው ቀለም ላይ ሌላ ነጭ ልትደርብባት ነው? ገዛችው፤ ገዝታም ከክር ማስቀመጫው መሳቢያ ውስጥ ወሸቀችው።

ሚጣ ደግሞ ዋና ካልተማርኩ ብላ ያዘች። የክፍሏ ልጆች ሁሉ ሐይቁ ዳር ካለው መዋኛ ይሄዳሉ። እናትየው ዛሬ ነፋስ ነው፣ ነገ ሥራ ነው እያለች አዘገየቻት። ውሃ ባርኔጣ አያስጠልቅ፣ ኮሌታ አያስቆም። እዚያ አንድ ልጅ ጣቱን ቀስሮ አንድ ቃል ቢናገር ሚጣ ዳግመኛ ከቤት እንደማትወጣ ይታያታል።

የመዋኛው አስተማሪ አገሬው ሁሉ እትዬ ዳክዬ የሚላት ሴት ናት። መሬት ላይ ወዲህ ወዲያ እያለች ነው የምትራመደው፤ ውሃ ሲነካት ግን ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። ስሙን ያወጡላት ልጆች ናቸው፤ እሷም «ዳክዬ ሰምጣ ታውቃለች?» ብላ ተቀብላዋለች። ወጣት ሳለች ከባሏ ጋር ጀልባ ታከራይ ነበር። ባሏ ሲሞት ጀልባዎቹን ሸጠች፣ ከውሃው ግን አልራቀችም። አልወለደችም። ይሁንና በዚያ ሰፈር በጀርባው መንሳፈፍን እሷ መዳፍ ላይ ተኝቶ ያልተማረ ሰው አይገኝም። መዳፏን ከልጁ ጀርባ ሥር ትዘረጋለች፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ድመቱ ታስወራዋለች፤ መዳፉ መቼ እንደተነሳ አንድም ልጅ አውቆ አያውቅም።

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ብቻዋን ሄደች። ለምጡንም፣ ያቃጠላትን ቅባትም፣ መሳቢያ ውስጥ የተወሸቀውንም ነገረቻት። እትዬ ዳክዬ ገመድ እየጠቀለለች ሰማቻት። ስትጨርስ «ነጩ አለሽ አይደል ልጄ?» አለች። «አለ።» «በይ እሱንም ልጅቷንም ይዘሽ ነይ።» ወደ ገመዷም ተመለሰች። እናትየውም ነገሩን ቀለል አደረገችው ብላ ትንሽ ከፍቷት ተመለሰች።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ፣ ወይም እሑድ፣ ሲደርሱ ልጆቹ ከእንጨቱ መድረክ ፊት ተሰልፈዋል። አግዳሚው ላይ የነጭ ቅባት ቱቦዎች ተደርድረዋል። እትዬ ዳክዬ ራሷ ከግንባሯ እስከ አገጯ ኖራ የተቀባ ግድግዳ መስላለች።

«ያልተቀባ አይዋኝም» አለች።

ከኋላ የቆመ ቀውላላ ልጅ አጉረመረመ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ደግሞ፣ እትዬ?»

«ከድሮ ጀምሮ።»

«ባለፈው ሳምንት እኮ—»

«ባለፈው ሳምንት የተቀባኸው ዘይት ውሃው ላይ እንደ ናፍጣ ሲያብለጨልጭ ነው የዋለው። ዓሣዎቹ ሽቶ ቅባን አሉህ? ይልቅ ያንን ታጠብና ግንባርህን ወዲህ በል።»

ቀውላላው ተቀባ። «ሬሳ መሰልኩ» አለ። «አይዞህ፣ ከፊተኛው መልክህ ይሻላል» አለችው፤ ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እየተቀቡ እርስ በርሳቸው ዱቄት፣ መንፈስ፣ የጥርስ ሳሙና እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ሚጣ ከባርኔጣዋ ሥር አየቻቸው። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ባርኔጣውን አወለቀችና ለእናቷ ሰጥታ ሰልፉ ውስጥ ገባች። ተራዋ ሲደርስ እትዬ ዳክዬ ወደ ጉንጯ አልቸኮለችም፤ እንደ ሁሉም ልጅ ከአፍንጫዋ ጀመረች።

ትንሽ ቆይቶ ከውሃው ውስጥ ነጭ ፊቶች ብቻ ይታዩ ጀመር። አንዱ ፊት ጮክ ብሎ ጠራት።

«እማዬ፣ የትኛዋ እንደሆንኩ ለየሽኝ?»

እናትየው ለይታታለች። ከመቶ ልጅ መሃል ትለያታለች። «አልለየሁሽም» አለች። ሚጣ በደስታ ውሃውን በእግሯ ደበደበችው።

ሕጉ በዚያው ጸና። ከመድረኩ ሥር ግልገል ዓሣዎች እንደገና መታየት ጀመሩ፤ የመዋኛው ዘበኛ ዘይቱ ስለቀረ ይሁን ዝናብ ስለመጣ አላውቅም ይላል። ሚጣ አንድ ጠዋት የሸሚዟ ኮሌታ እንዲቆረጥላት ጠየቀች። እናትየው መቀሱን ስታነሳ የቀውላላው ጥያቄ ድንገት ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ያኔ ልቧ ሌላ ጋ ስለነበር አላዳመጠችውም። ሕጉ ለዓሣው ነው የወጣው ወይስ ለልጄ? እሷ ገመድ ስትጠቀልል የነገርኳት ቀን ነው? ልትጠይቃት ትነሳለች፤ አንዴ ሰው ይኖራል፣ አንዴ እትዬ ዳክዬ ውሃ ውስጥ ናት። እውነቱን ለመናገር ፈርታም ነበር። ለዓሣው ከሆነ ምስጋናዋ ሊያስቅባት ነው፤ ለሚጣ ከሆነ ደግሞ የትኛው ምስጋና ይበቃል? ሆድ ይፍጀው ብላ ለእትዬ ዳክዬ እጅጌው ረጅም የመዋኛ ሸሚዝ ልትሰፋላት ተቀመጠች። ሲያልቅ እሱን ይዤ እጠይቃታለሁ አለች።

ሸሚዙ ቁልፍ ብቻ ሲቀረው ዘበኛው በሱቁ በኩል አለፈ። እትዬ ዳክዬ እህቷ ታማባት ልታስታምም መሄዷ ነው፤ መመለሷንም እንጃ አለ። ልብስ ሰፊዋ ሸሚዙን አንስታ፣ ሱቁን ክፍቱን ትታ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሮጠች።

መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። እትዬ ዳክዬ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ ሐይቅ በሌለበትም አፍንጫዋ ነጭ ነው። ሸሚዙን በመስኮቱ አቀበለቻት።

«ቁልፍ የለውም፣ እትዬ።»

«ውሃ ቁልፍ ምን ያደርግለታል? ሚጣስ?»

«ደህና ናት። እትዬ፣ ያ ሕግ—»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። እትዬ ዳክዬ አልሰማሁም በሚል ጆሮዋን አሳየቻት። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጇን በመስኮቱ አወጣች፤ አላውለበለበችውም፣ መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ ያዘችው እንጂ። ልብስ ሰፊዋ ከጎን ከጎኑ ትንሽ ሮጠች። አውቶቡሱ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ መዳፉ ገና እንደተዘረጋ ነበር፤ መቼ እንዳስገባችው አላየችም።